ከውሽንፍር በኋላ የሚመጣው ብሩህ ቀን

የበረዶ ሸርተቴ ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው በቴሌቪዥን የሚታየውን፣ ተወዳዳሪዎች በኬብል ተሳፍረው ወደ ተራራው አናት ከወጡ በኋላ በማሽን በተደለደለ መስመር ላይ ቁልቁል የሚወረወሩበትን ስፖርት ነው። በአልፕስ ተራሮች ግን ከኬብሎቹ ዘመን የሚቀድም ሌላ ልማድ አለ፤ እሱም ተጓዡ በገዛ ጉልበቱ ተራራውን ወጥቶ ማንም ባልደለደለው በረዶ ላይ እየተንሸራተተ የሚወርድበት የተራራ ሸርተቴ ጉዞ ነው። ዳገቱን ለመውጣት የሚያስችለው በመንሸራተቻው ሥር የሚለጠፍ ጠጉራም ጨርቅ ሲሆን፣ ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ በመሆኑ ወደ ፊት ሲገፋ በቀላሉ ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ግን በረዶውን ቆንጥጦ ይይዛል። በመውጫው ጊዜ የተጓዡ ተረከዝ እንዲነሣ ይለቀቃል፤ አናት ላይ ሲደረስ ጨርቁ ተልጦ ተረከዙ ይቆለፋል።

የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1894 ከሁለት የአካባቢው ወንድማማቾች ጋር በስዊዘርላንድ ከዳቮስ ተነሥቶ ተራራውን በሸርተቴ በማቋረጥ አሮዛ ሲገባ፣ ስለ በረዶው ጠባይ ሊያስጠነቅቀው የሚችል ተቋም አልነበረም። ዛሬ የበረዶንና የበረዶ ናዳን ጠባይ የሚያጠናው የስዊዘርላንድ የምርምር ተቋም መቀመጫ ያው ዳቮስ ነው። ተቋሙ በክረምት ወራት ለማግሥቱ የሚሆነውን የናዳ ማስጠንቀቂያ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ያወጣል፤ ተጓዦችም የነገውን መንገዳቸውን የሚቆርጡት እሱን ካነበቡ በኋላ ነው።

ማስጠንቀቂያው የሚያስፈልገው አደጋው በዕለቱ ሰማይ ላይ ስለማይነበብ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው በረዶ ድቡልቡል ሆኖ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ የሚቀልጥ ሲሆን፣ የአልፕስ በረዶ ግን በረቂቅ ቅርጽ የተሠሩ ክሪስታሎች ሆኖ እየረገፈ ለወራት ስለሚከማች፣ እያንዳንዱ ውሽንፍር በቀደመው ላይ የራሱን ንብርብር ጥሎ ያልፋል። ከክምችቱ ሥር ያለው መሬት አብዛኛውን ጊዜ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲቆይ፣ ላይኛው ገጽ ጥርት ባለ ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ እንፋሎት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው በበረዶው ውስጥ ሽቅብ እየተጓዘ ክሪስታሎቹን መልሶ ይሠራቸዋል፤ ውጤቱም እንደ ስኳር የሚበተን፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ ደካማ ንብርብር ነው። ክምችቱ በሳሳ መጠን የሙቀት ልዩነቱ በአጭር ርቀት ውስጥ ስለሚታጨቅ፣ በረዶ ያነሰበት የክረምት መጀመሪያ ብዙ ከጣለበት ይልቅ የከፋ መሠረት ጥሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ ከተራ ግምት ጋር የሚጋጭ ቢሆንም በተራራው የሚኖሩ ሰዎች በሚገባ ያውቁታል። በተመሳሳይ መንገድ ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት በበረዶው ገጽ ላይ የሚበቅለው ላባ መሰል አመዳይ፣ ጠዋት በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ዐይን የሚማርክ ቢሆንም፣ ሳይፈርስ አዲስ በረዶ ከሸፈነው ለሳምንታት ተደብቆ የሚቆይ ደካማ ወለል ይሆናል።

የቀረውን ሥራ የሚሠራው ነፋስ ነው። በረዶውን ከአንዱ የተራራ ጎን ጠርጎ ነፋስ በማይመታው በሌላው ጎን ሲከምረው፣ ክሪስታሎቹ በመንገድ ላይ ተሰባብረው እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ጠንከር ያለ ሰሌዳ ይፈጠራል። ከሥሩ ደካማ ንብርብር ካለና ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የአንድ ሰው ክብደት ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ ደካማው ንብርብር ሲደረመስ ስንጥቁ በቅጽበት ይስፋፋና ሰሌዳው እንዳለ ተቆርጦ ይንሸራተታል። አንዳንድ ጊዜ ተጓዡ ገና በሜዳው ላይ ሳለ ከእግሩ ሥር «ዉምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰማል፤ ይህ የንብርብሩ መደርመስ ድምፅ ሲሆን፣ ልምድ ያለው ሰው ሲሰማው ወደ ቁልቁለታማው ገጽ መጠጋቱን ይተወዋል። በናዳ ከሚያዙት ተጓዦች እጅግ የሚበዙት ናዳውን የሚቀሰቅሱት ራሳቸው ወይም የጉዞ ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ቀደም ባለው ዘመን ግን ናዳ የሚገድለው በአብዛኛው በቤቱ የተቀመጠውን ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ክረምት በስዊዘርላንድ ብቻ 98 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ከመንደሮች በላይ ባሉት ተዳፋቶች የብረት አጥሮች በብዛት ስለተተከሉ፣ አደጋው በፈቃዱ ወደሚሄደው ተጓዥ አዘንብሏል።

የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አደጋውን በአምስት ደረጃዎች ይለኩታል። ሦስተኛው ደረጃ ከክረምቱ ቀናት ሲሶ ያህሉን የሚይዝ ሲሆን፣ ከሟቾች ግን ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በእሱ ቀን ነው። ምክንያቱ ብዙም አይሰወርም፤ አራተኛውና አምስተኛው ደረጃ ሲታወጅ ውሽንፍሩ ራሱ በር ዘግቶ ያስቀምጣል፣ ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራና አዲሱ በረዶ ለመንሸራተት ከተመቸ በኋላ ነው። ቁጥሩ መሐል ላይ መቀመጡም አደጋው መካከለኛ ነው የሚል የተሳሳተ ስሜት ያሳድራል፤ በእውነቱ ግን ደረጃው አንድ ሲጨምር አደጋው የሚያድገው በእኩል እርምጃ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ነው።

ናዳ የቀበረው ሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ገደማ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን አየር በማጣት የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ሄሊኮፕተር በዚህ ጊዜ ውስጥ እምብዛም ስለማይደርስ፣ እያንዳንዱ ተጓዥ በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ፣ የሚገጣጠም ረጅም መመርመሪያ ዘንግና አካፋ ይይዛል። ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት የየአንዳንዱ መሣሪያ መሥራት ይፈተሻል፤ ተንቀሳቃሽ ስልክም ምልክቱን ስለሚያውክ ከመሣሪያው እንዲርቅ ይደረጋል። 30 ዲግሪ ያለፈ ተዳፋት ሲያጋጥምም ሁሉም በአንድነት አይገቡበትም፤ አንዱ ሲሻገር ሌሎቹ ናዳው በማይደርስበት ቦታ ቆመው በዐይናቸው ይከተሉታል።