በጥርስ ሕክምና ክፍል የኢንፌክሽን መከላከል፦ ጥንቃቄው በታካሚው ማንነት አይወሰን

መግቢያ

የጥርስ ሕክምና የሚከናወነው ደም፣ ምራቅና ብዙ ዓይነት ረቂቅ ተህዋስያን በሚገኙበት ጠባብ ስፍራ፣ በስለታም መሣሪያዎች ነው። መሰርሰሪያው በፍጥነት ሲሽከረከር ከምራቅና ከደም ጋር የተቀላቀለ የውሃ ብናኝ ወደ አየር ይረጫል። ስለሆነም ኢንፌክሽን ከታካሚ ወደ ባለሙያ፣ ከባለሙያ ወደ ታካሚ፣ እንዲሁም ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በአንድ የአፍ ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ የሆነው ለዚህ አስረጂ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የነበረባት አንዲት ታካሚ ከታከመች በኋላ፣ በዚያው ዕለት ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የታከመች ሌላ ሴት በቫይረሱ ተያዘች። በዘረመል ምርመራም የሁለቱ ቫይረስ አንድ ሆኖ ተገኘ። መርማሪዎች በክሊኒኩ አሠራር ላይ ጉልህ ጉድለት አላዩም፤ ምናልባት በደም ተበክሎ ሳይጸዳ የቀረ ነገር ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረ ገመቱ። በዚያ ክሊኒክ ከታከሙት ሌሎች ሰዎች ብዙዎቹ አስቀድመው የተከተቡ ነበሩ።

ጥንቃቄው ለምን ለሁሉም?

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማውም፤ መያዙንም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ «በሽታ አለብህ ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ አደገኛውን ከማያሰጋው መለየት አይቻልም። ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ይችላል። ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም በነካው መርፌ የተወጋ ያልተከተበ ባለሙያ በኢንፌክሽኑ የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ሲሆን፣ ለኤች.አይ.ቪ. ግን 0.3 በመቶ ገደማ ነው። መደበኛ ጥንቃቄ የሚባለው አሠራር መሠረቱ ይኸው ነው፤ የማንኛውም ታካሚ ደምና ምራቅ እንደ ተበከለ ይቆጠራል።

በሥራ ላይ ሊፈጸሙ የሚገባቸው

1. ክትባት፦ በሀገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ባለሙያ በሕፃንነቱ ተከትቤአለሁ ብሎ መዘናጋት የለበትም፤ ክትባቱን በተሟላ መጠን ሊወስድ ይገባዋል።

2. እጅና መከላከያ አልባሳት፦ ጓንት ለእያንዳንዱ ታካሚ ይቀየራል። ጓንት ማጥለቅ እጅ መታጠብን አይተካም። ማስክና መነጽርም ብናኝ ባለበት ሥራ ሁሉ ያስፈልጋሉ።

3. መርፌ፦ የመርፌን ክዳን በሁለት እጅ መልሶ መክደን አይገባም። ማደንዘዣ መድገም ሲያስፈልግ ክዳኑ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ በአንድ እጅ ብቻ ይከደናል። ያገለገለ መርፌ ወዲያውኑ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል። ከአንድ ታካሚ የተረፈ ማደንዘዣ ለሌላው አይሰጥም።

4. የመሣሪያዎች ጽዳት፦ ያገለገሉ መሣሪያዎችን ከመታጠባቸው በፊት በክሎሪን መዘፍዘፍ ለረዥም ጊዜ የተለመደ አሠራር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ይህን አይመክርም፤ ክሎሪን ብረትን ያዝጋል፣ ደም ሲያገኘውም ኃይሉን ያጣል። ጓንትና መነጽር አድርጎ በሳሙናና በብሩሽ ማጠብ ይቀድማል፤ ቆሻሻ የቀረበት መሣሪያ በእንፋሎትም በአግባቡ አይመክንም።

5. ማምከን፦ በተለመደው አውቶክሌቭ የተጠቀለሉ መሣሪያዎች በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይመክናሉ፤ ጊዜው የሚቆጠረው ሙቀቱ ከተሟላ በኋላ ነው። ሃንድፒስ የሚባለው የመሰርሰሪያ እጀታ ደምና ምራቅ ወደ ውስጡ ስለሚስብ ከላይ በአልኮል መጥረግ አይበቃውም፤ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ መምከን አለበት።

6. የወንበሩ ውሃ፦ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ተህዋስያን ተጣብቀው ይራባሉ። ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ ውሃውን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማፍሰስ፣ ቱቦውንም በየጊዜው በመድኃኒት ማከም ይገባል። ለቀዶ ሕክምና የመከነ ውሃ ብቻ ይውላል።

አደጋ ሲደርስ

የተወጋ ባለሙያ ቁስሉን ሳይጨምቅ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ወዲያውኑም ለኃላፊው ያሳውቃል። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት። አደጋውን የሚደብቅ ሠራተኛ ይህን ዕድል ያጣል፤ ስለዚህ ኃላፊዎች የሚያመለክተውን ሠራተኛ ሊወቅሱት ሳይሆን ሊረዱት ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ሥራዎች ከውድ መሣሪያ ይልቅ ያልተቋረጠ ልማድ ይሻሉ። ታካሚው አፉን ሲከፍት መሣሪያው ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ያን አደራ የተሸከመው ባለሙያው ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ታካሚ ያደረገውን ጥንቃቄ ለመጨረሻውም ሳያጓድል ሊፈጽም ይገባዋል።