የእናት ወርቅ ተሽጦ ላፕቶፕ ከመገዛቱ በፊት…

የሞባይል አፕ መሥራት የሚያምራቸው ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት «በምን ልጀምር?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ መልሱን ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ላፕቶፕ ሻጩ መሆኑ ነው!

አንዲት የ19 ዓመት የአራዳ ልጅ የገጠማትም ይኸው ነው። ቤተሰቧ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከዶሮ ማነቂያ ከተነሱት አንዱ ነው። እናቷ ዱሮ ከፒያሳ ወርቅ ቤት የገዙትን የአንገት ሐብል ሸጠው ላፕቶፕ ሊገዙላት ቆርጠዋል። ሻጩ 4 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ዕቃ አሳይቶ «ይሄ ሁሉንም ይችላል» ብሏቸዋል። አሜሪካ ያለው አጎቷ ደግሞ «ማክ ካልሆነ እንዳትገዢ!» ይላታል። «እማዬ ሌላ የሚሸጥ ወርቅ የላትም» ትላለች ልጅት።

እንግዲህ ወጋችን እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይመረጥ፤ ላፕቶፑ ኋላ ይደርሳል።

የአንድሮይድ ስልክ አፕ የሚሠራበት ዋናው ፕሮግራም አንድሮይድ ስቱዲዮ ይባላል። ጉግል በነጻ ነው የሚሰጠው። ኮዱ የሚጻፈውም፣ ስህተቱ የሚታየውም፣ ስልክ ላይ የሚጫነው ፋይል የሚወጣውም ከዚያው ነው። ዐመሉ ግን ሆዳምነቱ! ጉግል ራሱ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይጠይቃል፤ ኢሙሌተሩ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ላይ ስልክ መስሎ የሚታየው ነገር፣ ከተጨመረ ደግሞ 16 ይላል። ባለ 4 ጊጋው ላይ ከፍታችሁ ቡና ብታስፈሉ በረካው ሁሉ ተጠጥቶ እሱ ገና ያስባል። ሲወርድም ከ1 ጊጋ በላይ ነው፤ ከተጫነ በኋላ ደግሞ ሌላ ብዙ ጊጋ ይጎትታል። በሞባይል ካርድ የሚሞከር አይደለም። ካምፓስ ወይም ቢሮ ያለው ጓደኛ ካወረደው በፍላሽ መቀበል ይቻላል።

ኢሙሌተሩን መተው የሚያስችል አንድ ዘዴ አለ። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት። «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» የሚል አዲስ ክፍል ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ» የሚለውን አብሩና ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት። አፓችሁ በቀጥታ ስልካችሁ ላይ ይሮጣል። እንዲህ ከሆነ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለጀማሪ ይበቃል።

«ቪኤስ ኮድና ፍላተር ቀላል ነው» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት ነው። መጻፊያው ቀላል ነው፤ ለአንድሮይድ ሲሠራ ግን ያንኑ ከባዱን የአንድሮይድ ዕቃ ማውረድ አይቀርም።

ኮድ የሚባል አይቶ ለማያውቅስ? አፕ ኢንቬንተር የሚባል አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ጀምሮት ኋላ ኤምአይቲ ለተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተላለፈ ነው። እንደ ልጆች ጡብ እየገጣጠሙ ነው የሚሠሩበት። የሚከፈተው በኢንተርኔት ስለሆነ ደካማ ኮምፒዩተር አይከብደውም። ሥራ ለመቀጠር አያበቃም። ግን ሙያው የእናንተ መሆን አለመሆኑን በአንድ ወር፣ ወርቅ ሳይሸጥ ይነግራችኋል! ልጅቷም በጓደኛዋ ኮምፒዩተር የእናቷን የዕቁብ መዝገብ ትሥራበት፦ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ዕጣው ለማን ወጣ። ይህን ከጨረሰች የሐብሉ ጉዳይ ያን ጊዜ ይነሳ። ወደ ስቱዲዮ ስትሻገር ቋንቋዋ ኮትሊን ይሁን፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የሚያስቀድመው እሱን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠናም የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርትን በነጻ ይዞ ነው የመጣው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አሮጌ ሲዲና ሃንድአውት ይዞ «በኤክሊፕስ አስተምራለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጉግል ያንን የተወው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ነው።

የአጎትየው ምክርስ? ማክ ግድ የሚሆነው ለአይፎን ለሚሠራ ነው፤ የአይፎን መሥሪያው ኤክስኮድ ከማክ ሌላ አይሠራም። አፕል መደብሩ ላይ ለማውጣት በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል፤ ጉግል አንድ ጊዜ 25 ዶላር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን ለሚያስታውስ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በራስ አንድሮይድ ስልክ ላይ ለመሞከር ግን ሳንቲም አይከፈልም።

ላፕቶፑ የሚገዛበት ቀን ሲደርስ አንድሮይድ ስቱዲዮን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ አስጭናችሁ እዩት። ሻጩ «አይቻልም» ካለ ቀጣዩ ሱቅ ይኬዳል። ራም መጨመሪያ ቦታ እንዳለውም ጠይቁ። አጎትየውም መርዳት ከፈለገ፣ የላፕቶፑን ዓይነት ጠይቆ በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ይላክላት።