ፕሮሰሰሩ ይቀየር ወይስ ይቆይ?

አንድ ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲያሳይ ከተፈለገ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል ለማዘጋጀት ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ባለ 144 ኸርዝ ስክሪን ላለው ሰው ጊዜው ወደ 6.9 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ስለ ጌም ቅልጥፍና ሲወራ ቶሎ የሚጠራው የፍሬም ቁጥር ነው፤ ዓይን የሚያየው ግን በአንዱ ፍሬምና በሚቀጥለው መካከል ያለፈውን ጊዜ ነው። 57 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ15 ሚሊሰከንድ ተሠርተው አንዱ ብቻ 145 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ በዚያች ሰከንድ የተቆጠሩት ፍሬሞች 58 ናቸው። በስክሪኑ ጥግ ያለው ቆጣሪ 58 ይላል። ተጫዋቹ ግን መኪናው መታጠፊያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከዚያ ሲዘል አይቷል።

ይህን ልዩነት ወደ አደባባይ ያወጣው በወቅቱ ቴክ ሪፖርት የተባለው ድረ ገጽ አዘጋጅ የነበረው ስኮት ዋሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የግራፊክስ ካርዶችን በአማካይ ቁጥር ከመመዘን ይልቅ በሰከንድ ውስጥ ያሉትን ፍሬሞች አንድ በአንድ እየለካ ውጤቱን አሳተመ። ዛሬ ብዙ ገምጋሚዎች ከአማካዩ ጎን የሚጽፉት “አንድ በመቶ ሎው” የሚባለው ቁጥር የዚያ አስተሳሰብ ውጤት ነው። እጅግ ከዘገዩት አንድ በመቶ ፍሬሞች ላይ ተሰልቶ ይወጣል። ያረጀ ፕሮሰሰር ድክመቱ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው፤ አማካዩ 90 ሆኖ ይህ ቁጥር 35 ከሆነ ጌሙ እየተቆራረጠ ነው። ፕሮሰሰር ልቀይር ብሎ የሚያስብ ሰው ዕቃው የተገዛበትን ዓመት ከመቁጠሩ በፊት ይህን ቁጥር ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አንድ ፍሬም ስክሪን ላይ ከመድረሱ በፊት ሁለት ቦታ ይሠራል። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ የጌሙን ዓለም ያሰላል፤ ጠላት ወዴት እንደሚሮጥ፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ፣ የወደቀው በርሜል እንዴት እንደሚንከባለል፣ ከካሜራው ፊት ምን ምን እንዳለ። ከዚያ ለግራፊክስ ካርዱ “ይህን ሣል፣ ያንን ሣል” የሚሉ ትእዛዞችን ያዘጋጃል፤ በአንድ ፍሬም ውስጥ በሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። ካርዱ ያንን ሲሥል ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለውን ፍሬም ማስላት ይጀምራል። ሥራቸው ስለሚደራረብ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁለቱ የሚዘገየው ነው። ፕሮሰሰሩ 14፣ ካርዱ 9 ሚሊሰከንድ ቢፈጅባቸው ጌሙ በ14 ይሄዳል፤ በሰከንድ 71 ፍሬም ገደማ ማለት ነው። ያንን ካርድ አውጥቶ በ5 ሚሊሰከንድ የሚጨርስ ውድ ካርድ የገዛ ሰው ያው 71 ፍሬሙን ይዞ ይቀመጣል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ መንገድ ነው።

የሚዘገየው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ምንም መግዛት አያስፈልግም። ጌሙ የሚቆራረጥበት ቦታ ላይ ቁሙና ሪዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ካርዱ የሚሥላቸው ነጥቦች ከግማሽ በታች ይሆናሉ፤ የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን በሪዞሉሽን አይለወጥም ማለት ይቻላል። ፍሬሙ ካሻቀበ የሚዘገየው ካርዱ ነው፤ ፕሮሰሰር መቀየሩ አይጠቅማችሁም። ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ካርዱ ፕሮሰሰሩን ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። በዚሁ ምክንያት ዲኤልኤስኤስ ወይም ኤፍኤስአር አብርተው ምንም ለውጥ ያላዩ ሰዎች መገረም የለባቸውም። እነዚህ ካርዱ በትንሽ ሪዞሉሽን እንዲሥል አድርገው ምስሉን በኋላ ያሳድጉታል እንጂ የፕሮሰሰሩን ሸክም አያቀልሉም። በመካከል ተጨማሪ ፍሬም ፈጥሮ የሚያስገባው ፍሬም ጄኔሬሽን ለዓይን ለስላሳ እንቅስቃሴ ይሰጣል፤ ጌሙ ለማውስና ለኪቦርድ የሚሰጠው ምላሽ ግን አይፈጥንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ፕሮሰሰሩ 40 በመቶ ብቻ እየሠራ ሲታይ “ገና ብዙ አቅም ይቀረዋል” ይባላል። ባለ 12 ትሬድ ፕሮሰሰር ላይ አንድ ትሬድ እስከ አፉ ቢሞላ በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚታየው 8 በመቶ ገደማ ነው። ጌም ደግሞ ሥራውን ለሁሉም ኮሮች እኩል አያከፋፍልም፤ ዋናው ትሬድ የዓለሙን ስሌት እስኪጨርስ ሌሎቹ ሊቀጥሉ የማይችሉበት ጊዜ አለ። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 ያስረዳው ይህንኑ ነው። ከሥራው መከፋፈል የማይችለው ክፍል ሩብ ያህል ከሆነ፣ ኮሮቹ ምንም ያህል ቢበዙ ፍጥነቱ ከአራት እጥፍ አያልፍም። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ጠቅላላ መቶኛ ትታችሁ የግራፊክስ ካርዱን ተመልከቱ። ካርዱ በጨዋታ መሀል ከ95 በመቶ በታች እየወረደ፣ ፍሬሙ ያልተገደበ ሆኖ ሳለ የሚንተፋተፍ ከሆነ፣ ጣት የሚጠቆመው ወደ ፕሮሰሰሩ ነው።

ፈተናው ባዶ ሜዳ ላይ እንዳይሆን። ዋሻ ውስጥ ወይም ሰው በሌለበት ተራራ ላይ የአሥር ዓመት ፕሮሰሰርም ደህና ይመስላል። በባልዱርስ ጌት 3 ሦስተኛው ምዕራፍ ከተማው ውስጥ ሲገባ፣ በሳይበርፐንክ 2077 የሕዝብ ብዛትን የሚወስነው ሴቲንግ ከፍ ሲል፣ ያኔ ልዩነቱ ይወጣል። በመጋቢት 2024 የወጣው ድራገንስ ዶግማ 2 ከተማ ውስጥ ሲንገዳገድ አምራቹ ካፕኮም ራሱ ምክንያቱን ተናግሯል፤ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሚመደበው የፕሮሰሰር ሥራ ብዙ ነበር። እንደዚህ ያሉ ጌሞች ላይ የግራፊክስ ሴቲንጎችን ሁሉ ዝቅ ማድረግ ለውጥ አያመጣም ማለት ይቻላል። መቀነስ ያለበት የሕዝቡ ብዛትና የእይታው ርቀት ነው።

ታዲያ አዲስ ፕሮሰሰር ምን ይዞ ይመጣል? ብዙ ሰው ጊጋኸርዝ ነው ይላል። የኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ታሪክ ይህን ግምት ይሽራል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም ብዬ አስባለሁ። በሚያዝያ 2022 ሲወጣ ከታላቅ ወንድሙ ከ5800ኤክስ በፍጥነት ያንስ ነበር፤ የአንዱ ጣሪያ 4.5፣ የሌላው 4.7 ጊጋኸርዝ። ሁለቱም 8 ኮር፣ ሁለቱም ያው ዜን 3 የሚባለው ንድፍ። ሆኖም በጌም 5800ኤክስ3ዲ በግልጽ ይቀድማል። ከፍጥነቱ ሌላ የተለየው በኮሮቹ አጠገብ ያለው ካሽ የሚባለው ፈጣን ማከማቻ ብቻ ነው። 5800ኤክስ 32 ሜጋባይት ሲኖረው በዚህኛው ላይ 64 ሜጋባይት የያዘ ስስ የሲሊኮን ቁራጭ ከላይ ተነባብሮ 96 አድርጎታል።

ምክንያቱ ርቀት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው መረጃ ካሽ ውስጥ ካለ በ10 ናኖሰከንድ ገደማ እጁ ይገባል። ከሌለ እስከ ራም ድረስ መሄድ አለበት፤ ይህም ወደ 80 ናኖሰከንድ ይወስዳል። ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው ከእጇ ሥር ካለው መደርደሪያ ስታጣ ልጅ ወደ ሱቅ ልካ እንደምትጠብቀው ማለት ነው፤ ምንም ፈጣን ባለሙያ ብትሆን ልጁ እስኪመለስ እጇን አጣጥፋ ትቆማለች። በ4.5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በ80 ናኖሰከንድ ውስጥ 360 ምት ይመታል፤ መረጃው እስኪመጣ ሲጠብቅ አብዛኞቹ ባዶ ያልፋሉ። ጌም ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ የሚታወቅበት ሥራ አይደለም። ተጫዋቹ ዞር ሲል፣ በር ሲከፍት፣ ሕዝብ መሀል ሲገባ፣ ፕሮሰሰሩ ከራሙ ውስጥ ከዚህም ከዚያም የተበታተነ መረጃ ይለቅማል። ቪዲዮ ማቀናበር ወይም ፋይል ማመቅ እንደዚህ አይደለም፤ መረጃው በተርታ ስለሚመጣ እነዚያ ሥራዎች ላይ ትልቁ ካሽ ያን ያህል አይጠቅምም። ሁለት ፕሮሰሰር አንዱ በሥራ፣ ሌላው በጌም ሊቀድም የሚችለው ለዚህ ነው።

በመካከለኛው ዋጋም ይኸው ሕግ ይሠራል። በ2018 የወጣው ራይዘን 5 2600 እና በ2022 የወጣው ራይዘን 5 5600 ሁለቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ ናቸው። በወረቀት ላይ መንታ ይመስላሉ። በ2600 ግን ኮሮቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን የራሱ 8 ሜጋባይት ካሽ አለው፤ አንዱ ቡድን ከሌላው የሚፈልገው ነገር ካለ ረጅም መንገድ ይሻገራል። በ5600 ስድስቱም ኮሮች 32 ሜጋባይት በጋራ ይጠቀማሉ፣ በአንድ ምት የሚሠሩትም ሥራ ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው የጌም ልዩነት የሚታይና የሚሰማ ነው።

አሮጌ ፕሮሰሰሮች ለምን ያን ያህል ዓመት ቆዩ የሚለውም መልስ አለው። በ2013 የወጡት ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን ውስጥ የነበረው ጃጓር የሚባለው ፕሮሰሰር ደካማ ነበር፤ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ 8 ኮር ቢኖረውም በ1.6 ጊጋኸርዝ ብቻ ይሠራ ነበር። ትልልቅ ጌሞች ለእርሱ እንዲመቹ ተደርገው ስለተሠሩ በ2011 የተገዛ ኮር አይ5 2500ኬ ለዓመታት ሳይቸገር ተከተላቸው። በኅዳር 2020 የመጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 8 ኮር ያለው ዜን 2 ይዘው ሲመጡ ወለሉ ከፍ አለ። ጌም ሠሪዎች ያንን አቅም መጠቀም ሲጀምሩ ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰሮች ትንፋሽ አጠራቸው።

ሁሉም መቆራረጥ ግን የፕሮሰሰር ጥፋት አይደለም። አዲስ ጠላት ወይም አዲስ ፍንዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ብቻ ቆም የሚል ጌም ሼደር የሚባሉትን የግራፊክስ ካርዱን ትንንሽ ፕሮግራሞች እየገነባ ነው፤ አዲስ ፕሮሰሰር ቆይታውን ያሳጥረው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። ራም አንድ ነጠላ ስቲክ ከሆነ የራሙ መንገድ በግማሽ ጠቧል፤ ጥንድ ማድረጉ ርካሽ መፍትሔ ነው። ባለ 3200 የተባለ ዲዲአር4 ራም ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ሴቲንግ ካልበራ በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ ይችላል፤ ይህን ማብራት ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። ለዓመታት ያልተከፈተ ኬዝ ውስጥ አቧራ ፋኑን አፍኖ፣ ተርማል ፔስቱ ደርቆ፣ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ራሱን እያዘገየ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሳያዩ ገበያ መውጣት ተገቢ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ውሳኔው የማዘርቦርዱ ነው። ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። በ2017 ለመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች የተሸጡ ቢ350 ቦርዶች እንኳ በ2022 በመጣው የባዮስ ማሻሻያ ብዙዎቹ 5600ን ወይም 5800ኤክስ3ዲን ይቀበላሉ፤ የቦርዱን አምራች ዝርዝር አይቶ ማረጋገጥ ግን ግድ ነው። ራሙም፣ ካርዱም፣ ኬዙም ባሉበት ይቆያሉ። ወደ አዲሱ ኤኤም5 መሻገር ማለት ቦርድና ዲዲአር5 ራም አብሮ መግዛት ነው፤ በ2025 መጨረሻ ላይ የራም ዋጋ በኤአይ ዳታ ሴንተሮች ፍላጎት ምክንያት ሲያሻቅብ ደግሞ የኤኤም4ቱ መንገድ ይበልጥ አሳማኝ ሆነ። የኢንቴል ባለቤቶች ዕድል ጠባብ ነው። ኮር አይ7 7700ኬ የተሰካበት ቦርድ በዚያው በ2017 የወጣውን ባለ 6 ኮር 8700ኬ አይቀበልም፤ ሶኬቱ በመጠን አንድ ቢሆንም። ከመሥሪያ ቤት ወጥተው በሁለተኛ እጅ የሚሸጡ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ያሉ ማሽኖችም በአራተኛው ትውልድ ኢንቴል ላይ የቆሙ ናቸው፤ እዚያ ላይ የሚደረስበት ጣሪያ እንደ አይ7 4790 ያለ 4 ኮርና 8 ትሬድ ነው። በጣም በርካሽ ከተገኘ ከአይ5 ወደዚያ መዝለል ለጊዜው ያስተነፍሳል፤ ከዚያ በላይ ገንዘብ በዚህ ቦርድ ላይ ማፍሰስን ግን አልመክርም። ዊንዶውስ 11 ይህን ትውልድ በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 አብቅቷል።

በኤኤም4 ላይ ለመቀየር የወሰነ ሰው ባዮሱን የሚያሻሽለው አሮጌው ፕሮሰሰር እንደተሰካ ነው፤ አዲሱ ከገባ በኋላ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል። በማሻሻሉ መካከል መብራት ቢጠፋ ቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ ቢኖር ይመረጣል። የኤኤም4 ፕሮሰሰር 1331 ቀጫጭን እግሮች ያሉት በራሱ ሆድ ላይ ነው። ኩለሩን ሽቅብ በኃይል ከሳቡት የደረቀው ፔስት ፕሮሰሰሩን ይዞት ከሶኬቱ ይነቅለዋል፣ እግሮቹም ይጣመማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ጌም ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ፣ ከዚያ አጥፍቶ ከመብራት መንቀል፣ ኩለሩን ሳይስቡ በቀስታ ግራና ቀኝ እያዞሩ ማላቀቅ ይሻላል። አዲሱ ገብቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወዲያው ባዮስ ውስጥ ተመልሶ መግባት ያስፈልጋል፤ ማሻሻያው ሴቲንጎቹን ወደ መነሻቸው ስለሚመልስ ኤክስኤምፒ ጠፍቶ ይገኛል።