ከሥር የሚሰማው ሰው፦ መላከ ገብሬ እና የዋልያስ ቤዝ

ጨንቻ ወጥቶ የዶርዜ ወንዶች ተሰብስበው ሲዘፍኑ የሰማ ሰው ዘፈኑ በአንድ ድምፅ ብቻ እንደማይሄድ ያውቃል። አንዱ ከላይ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የቀሩት ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ከታች ይዘው ይቆያሉ። በዘመናዊ ባንድ ውስጥ ይህ የታችኛው ሥራ የቤዝ ጊታር ነው። ተጫዋቹ ማነው ቢባል ግን ብዙዎቻችን የዘፋኙን ስም ጠርተን ዝም እንላለን።

መላከ ገብሬ የዋልያስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነበር። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ሠርቷል። በደርግ ሰዓት እላፊ ምክንያት አመሻሹን የገባ ታዳሚ ሳይነጋ መውጣት አይችልም ነበርና ባንዱም አብሮት ያነጋ ነበር። እስከ ንጋት ድረስ ሪትም መያዝ ለጣት ምን ማለት እንደሆነ ቤዝ የሞከረ ይፍረድ፤ ክሮቹ ከተራው ጊታር ክር ይወፍራሉ፣ ድምፁም በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል። በችክችካ ምት ደግሞ ቤዙ ከድራሙ ጋር ካልተጣመረ ጨፋሪው እግሩ ይጠፋበታል።

በ1977 በወጣው «ቼ በለው» አልበም ላይ መላከ ከኃይሉ መርጊያ፣ ከሙላቱ አስታጥቄ፣ ከሞገስ ሀብቴና ከግርማ በየነ ጋር ተጫውቷል። እዚያ ላይ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት»ን ልብ ብላችሁ ስሙት። ዘፋኝ የለውም። ቤዙ አጭር ሐረጉን ሳይሰለች ይደጋግማል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በላዩ ላይ እንደልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። ለእኔ ቁም ነገሩ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው።

ባንዱ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲሄድ መላከ፣ ኃይሉ፣ ሞገስና ግርማ እዚያው ቀሩ፤ የተቀሩት ወደ አገር ቤት ተመለሱ። መላከ ከኃይሉና ከሞገስ ጋር ዙላ የተባለ ባንድ መሠረተ። ባዕድ አገር ላይ በሙዚቃ ብቻ መኖር ግን ከባድ ነበር፤ ኃይሉ እንኳ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖሯል።

ቤዝ ተጫዋች ሁሉ ከኋላ ይቆማል ማለት አይደለም። አይቤክስን፣ በኋላም ሮሃ ባንድን ከፊት ሆነው ከመሩት አንዱ ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ነው። ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «እረ መላ መላ»ን የቀዳው ከአይቤክስ ጋር ሲሆን፣ ሥራው በ1986 በቤልጅግ ታትሞ በአውሮፓ ተደምጧል።

ዛሬ በየሰርጉ ቤዙን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ኪቦርድ ነው። ርካሽ ነው፣ አይደክምም፤ ግን ጨፋሪውን አያይም። አርባ ምንጭ ውስጥ ባንድ ለማቋቋም የምታስቡ ወጣቶች ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ ጥሩ ቤዝ ተጫዋች ፈልጉ፤ ፖስተሩ ላይም ስሙን ጻፉለት።