ዴንማርካዊው ገበሬ፣ የካምፓላው ነጋዴና ወንፊቱ

ስለ ስደትና ስለ ሀብት ክርክር ሲነሣ ተደጋግማ የምትመጣ አንዲት ስሌት አለች። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ላይ «የዘር ሐረጌ ከዴንማርክ ይመዘዛል» ያሉ ሰዎች ገቢ ይወሰድና ዴንማርክ ውስጥ ከሚኖሩት ሰዎች ገቢ ጋር ይነጻጸራል። አሜሪካ ያሉት በልጠው ይገኛሉ። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ጸሐፍት ዴንማርክን ያበለጸጋት የሕዝቡ የሥራ ባህል እንጂ መንግሥት የዘረጋው ማኅበራዊ ዋስትና እንዳልሆነ፣ ይህ ሕዝብ የትም ቢወረወር ሀብት እንደሚያፈራ ይነግሩናል። ስሌቱን ወደ አፍሪካውያን የሚያዞሩትም አሉ፤ የኡጋንዳ ተወላጆችን አጠገቡ ያስቀምጡና ልዩነቱን በሙሉ ለባህል ያሸክሙታል።

ቁጥሩ ላይ ጠብ የለኝም። ቁጥሩ ግን ስለ ዴንማርክና ስለ ኡጋንዳ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ወንፊቱ የሚነግረን ይበዛል፦ ማን ከአገሩ ተነሣ፣ ማን ቀረ፣ የተነሣውን በየትኛው በር አስገቡት፣ ሲገባስ ምን ጠበቀው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዴንማርኮቹ እንጀምር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ 300 ሺህ ገደማ ሰዎች ከዴንማርክ ወጥተዋል፤ አብዛኞቹ መድረሻቸው አሜሪካ ነበር። በ1870 የአገሪቱ ሕዝብ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ስለነበር ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ስለ እነዚህ ሰዎች ብዙ ልናውቅ የቻልነው በፖሊስ ምክንያት ነው። የመርከብ ወኪሎች ተጓዡን እንዳያጭበረብሩ በወጣው ሕግ መሠረት የኮፐንሃገን ፖሊስ የስደተኞቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያና መድረሻ ከ1869 ጀምሮ ይመዘግብ ነበር። ክሪስቲያን ቪት የተባለው የታሪክ ምሁር ይህን መዝገብ ኮምፒዩተር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን በኮምፒዩተር ተንትኖ በ1971 ጥናቱን አሳተመ። ከመዝገቡ ውስጥ ጎልተው የወጡት የገጠር ቀን ሠራተኞች፣ የቤት አገልጋዮችና መሬት የማይደርሳቸው የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ያላገቡ።

ባለሥልጣናቱም ወንፊቱን ይነቀንቁ ነበር። ድሆችንና ከእስር የተፈቱ ሰዎችን ቲኬት ቆርጠው የሚሸኙ አካባቢዎች ነበሩ። በ1877 ደግሞ ፖሊስ የሶሻሊስት ንቅናቄውን መሪ ሉዊ ፒዮን ገንዘብ ሰጥቶ ወደ አሜሪካ እንዲሄድለት አደረገ። ፒዮ ካንሳስ ውስጥ የሶሻሊስት ሰፈራ መሠረተ፤ ሰፈራው ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። የዴንማርክ ባህል የትም ቢሄድ ያበለጽጋል ለሚሉ ሰዎች ፒዮን ብናስታውሳቸው አይከፋም።

አሜሪካ የደረሰው ዴንማርካዊ ምን ጠበቀው? በ1862 የወጣው የመሬት ሕግ አምስት ዓመት ለተቀመጠና ላለማ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ በትንሽ የምዝገባ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ከሁለት ሄክታር በታች እያረሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢያነበው አይፈረድበትም። መሬቱ ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነበር። ዜግነትም ቢሆን በ1790ው ሕግ ለነጮች ብቻ የተከፈተ በር ነበር፤ ለአፍሪካውያን በ1870 ሲከፈት ለእስያውያን ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ተዘግቶ ቆይቷል። ዴንማርካዊው ቪዛ አልጠየቁትም፣ የትምህርት ማስረጃ አላሉትም። በአዮዋና በነብራስካ ሜዳ ተበታትኖ ሰፈረ፣ ከሌላው ጋር ተጋባ፣ ቋንቋውን ከብዙዎቹ ስደተኞች ቀድሞ ተወ። ከመካከላቸው በ1900 ከኮፐንሃገን ወጥቶ በ1937 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት እስከመሆን የደረሰ ዊልያም ክኑድሰን የመሰለ ሰው ተገኝቷል። ብዙዎቹ ግን ላም እያለቡ ኖሩ።

አብራሚትስኪ፣ ቡስታንና ኤሪክሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካ የገቡ አውሮፓውያንን የቆጠራ መዝገብ እየተከተሉ አጥንተዋል። ስደተኛ ከታች ተነሥቶ በአንድ ትውልድ ተወላጁን ይደርስበታል የሚለውን የታወቀ ወግ መረጃው አልደገፈውም። በአማካይ፣ ሲገባ የተሻለ ሥራ የያዘው ወገን በዚያው ቀጠለ፣ ዝቅ ብሎ የጀመረውም ልዩነቱን ሳያጠብ ኖረ፤ ከልዩነቱ የተወሰነው ለልጆቹም ተርፏል። ዛሬ በቆጠራ ላይ «ዴንማርካዊ ነኝ» የሚለው ከሚሊዮን በላይ ሰው ደግሞ አራተኛና አምስተኛ ትውልድ ነው፤ ከጀርመን፣ ከኖርዌይና ከእንግሊዝ ደም ጋር የተቀላቀለ፣ ከቅድመ አያቶቹ አንዱን መርጦ የሚጠራ ሰው ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚስበኝ ግን አገር ቤት የቀረው ዴንማርካዊ ነው። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ከአሜሪካ ሜዳ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ የሚጫነው ርካሽ እህል አውሮፓን አጥለቀለቀ፤ የዴንማርክ ገበሬ የስንዴ ገበያው ተነጠቀ። እህሉን ካመረቱት እጆች ጥቂቶቹ የገዛ ወንድሞቹ እጆች ነበሩ። ሌሎች አገሮች የጉምሩክ ቀረጥ ሲከምሩ የዴንማርክ ገበሬ ርካሹን እህል ለከብቱና ለአሳማው አብልቶ ቅቤና የአሳማ ሥጋ ለእንግሊዝ መሸጥ ጀመረ። በ1882 በምዕራብ ዩትላንድ፣ «ዬዲንግ» በተባለች መንደር፣ የመጀመሪያው የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። አንድ ላም ያለውና ሃያ ላም ያለው እኩል አንድ ድምፅ የሚሰጡበት ማኅበር ነበር። እስከ 1900 ድረስ የእነዚህ ማኅበራት ቁጥር አንድ ሺህ ገደማ ደርሷል።

እዚህ ላይ አኔ ሶፊ ቤክ ክኑድሰን የተባለች ዴንማርካዊት ኢኮኖሚስት ያገኘችው ነገር ይገጥማል። በስደቱ ዘመን የነበሩ የስካንዲኔቪያ መዛግብትን መርምራ፣ ልጆቻቸውን ያልተለመደ ስም ከሚያወጡ፣ ማለትም «ልጄ እንደ ሌላው አይሁን» ከሚሉ ቤተሰቦች የወጡ ሰዎች የበለጠ ይሰደዱ እንደነበር አሳይታለች። ራሱን ችሎ መኖር የሚወደው ወጣ፤ ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ መኖር የሚቀናው ቀረ። ስደተኛ የበዛባቸው አካባቢዎችም ከዚያ በኋላ ይበልጥ ወደ ኅብረት ያዘነበሉ ሆኑ። በስዊድን የተደረገ ሌላ ጥናትም ብዙ ሰው የወጣባቸው ቀበሌዎች በሠራተኛ ማኅበር ይበልጥ እንደተደራጁ አግኝቷል። ሁሉንም ነገር በዚህ ማስረዳት አይቻልም። ነገር ግን አሜሪካ ያለውን ዴንማርካዊ አገር ቤት ካለው ጋር ማነጻጸር የወንፊቱን ሁለት ወገን ማነጻጸር ነው፤ ማኅበራዊ ዋስትናውን የሚደግፈው ማኅበረሰብ በከፊል የተሠራው ኅብረትን የማይወዱ ሰዎች ስለሄዱ ነውና።

ወደ ኡጋንዳ ስንሻገር ወንፊቱ ይለወጣል። ለመሆኑ «ኡጋንዳዊ ስደተኛ» ማነው? የእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ «ኡጋንዳ የተወለደ» በሚለው መስመር ሁለት የማይመሳሰሉ ታሪኮችን ያጠቃልላል።

ነሐሴ 1972 ላይ የኡጋንዳ ወታደራዊ ገዥ ኢዲ አሚን እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ከሕንድ ጉጃራት በንግድ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። በቅኝ ግዛት ዘመን የኡጋንዳን የባቡር ሐዲድ ከዘረጉት የሕንድ ሠራተኞች የቀሩት ጥቂት ናቸው። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ለአፍሪካውያን የነፈገውን የጥጥ መዳመጫ ፈቃድና የጅምላ ንግድ ለእነርሱ ከፍቶ ስለነበር ቂሙም የቆየ ነበር፤ በ1959 በቡጋንዳ የእስያውያንን ሱቅ ያለመገብየት አድማ ተመትቶ ነበር። አሚን ያን ቂም ተጠቀመበት።

ከ27 ሺህ በላይ የሚሆኑት የእንግሊዝ ፓስፖርት ስለነበራቸው ወደዚያ ሄዱ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ይዞ እንዲወጣ የተፈቀደለት 50 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነበር። ካናዳ ደግሞ ካምፓላ ድረስ ባለሥልጣናት ልካ ቋንቋና ሙያ እየመዘነች በሺዎች የሚቆጠሩ ተቀበለች። ፓስፖርት ያልነበራቸው በየአውሮፓው መጠለያ ተበተኑ። የእንግሊዙ ሌስተር ከተማ ምክር ቤት ካምፓላ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ገንዘብ ከፍሎ «ወደ እኛ አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። መንግሥትም ቦርድ አቋቁሞ ሰዎቹን ስደተኛ ካልበዛባቸው ከተሞች ለመመደብ ሞከረ። ሰዎቹ ግን ዘመድ ወዳለበት፣ ወደ ሌስተር ሄዱ። ሥራ በዘመድ እንደሚገኝ እነርሱ ከቦርዱ የተሻለ ያውቁ ነበር።

ዛሬ ይህ ማኅበረሰብ የስደት ስኬት ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። ያንን የሚጠቅሱ ሰዎች ግን መካከሉን ይዘሉታል። ካምፓላ የራሱ መደብር የነበረው ሰው ሌስተር ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነ፤ ደመወዝ ይዘው የማያውቁ ሴቶች ስፌትና መገጣጠሚያ ላይ ተቀመጡ። በ1974 ኢምፔሪያል የጽሕፈት መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ እስያውያን ሠራተኞች ከነጮቹ በታች ይከፈለናል ብለው አድማ ሲመቱ የሠራተኛ ማኅበሩ ራሱ ፊቱን አዞረባቸው። ከዚያ በኋላ ነው የጥግ ሱቁ፣ መድኃኒት ቤቱና የልብስ ስፌቱ ድርጅት የተስፋፋው። ባንክ ያላበደረውን ዘመድ አበደረ፤ ሱቁን ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ከንጋት እስከ ምሽት ያዙት። አሚን በኬላ ላይ ወርቁን ሊያስቀር ይችል ነበር፤ በእንግሊዝኛ የተማሩትን ትምህርት፣ የሂሳብ አያያዙንና ከለንደን እስከ ቦምቤ የተዘረጋውን ትውውቅ ግን ከማንም ሻንጣ ሊፈትሽ አልቻለም። ላንዳንዶቹ ይህ ሁለተኛ ስደት ነበር፤ በባዕድ አገር ንግድ መጀመር ማለት ምን እንደሆነ ከአባቶቻቸው ያውቁታል።

ኡጋንዳ የከፈለችው ዋጋም አይረሳ። ከ5 ሺህ የሚበልጡ ድርጅቶች ለወታደሮችና ለባለጊዜዎች ተከፋፈሉ፤ ሕዝቡ እነዚህን አዲስ ሀብታሞች «ማፉታ ሚንጊ» ይላቸው ነበር። የካኪራ ስኳር ፋብሪካ ሊቆም ደረሰ። መሥራቾቹ የማድቫኒ ቤተሰብ በ1980ዎቹ ተመልሰው ሥራ ያስጀመሩት ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ሥልጣን ከያዙ በኋላ የተወረሰው ንብረት እንዲመለስ በይፋ ጥሪ አድርገዋል።

ሁለተኛው «ኡጋንዳዊ» ጥቁሩ ነው። እርሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ከአሚን የሸሸው ዳኛ ጆን ሴንታሙ በ2005 የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በማሳቹሴትስ ዋልታም ከተማ የተሰበሰበው ማኅበረሰብ በተማረና በእንክብካቤ ሥራ በተሠማራ ሰው የተሞላ ነው። በአሜሪካ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ስደተኞች የዲግሪ ባለቤትነታቸው ከተወላጁ አማካይ አያንስም፤ ገቢያቸው ግን ትምህርታቸውን አይከተልም፤ ከአገር ቤት የመጣ ዲፕሎማ በቀላሉ ስለማይታወቅ። በሌላ በር ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ኡጋንዳውያን በ2000ዎቹ የአሜሪካ ተቋራጮች ቀጥረዋቸው ኢራቅ ውስጥ ጥበቃ ሠርተዋል፤ ዛሬም ዱባይና ሪያድ በቤት ሠራተኝነት የሚገቡት ብዙ ናቸው። ፓስፖርቱ አንድ ነው፣ የገቡበት በር አራት፣ ውጤቱም አራት።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ከራሱ ቤት ያውቀዋል። ለብዙ ዓመታት በዲቪ ሎተሪ አሜሪካ ለመግባት ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቅ ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ ግድ ነበር፤ ወንፊቱ ጥቅጥቅ ያለ ነበር። በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ ግን የትምህርትና የሙያ ወንፊት አልነበረም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ፊደል ያልቆጠረው የጎንደር ገበሬም አንጥረኛውም በአንድ አውሮፕላን ገባ። ቴልአቪቭ ያለውንና ሜሪላንድ ያለውን ኢትዮጵያዊ ገቢ አነጻጽሮ ስለ እስራኤልና ስለ አሜሪካ ፖሊሲ የሚደመድም ሰው ግማሹን መልስ የሰጠው ወንፊቱ መሆኑን አላየም። ወደ ዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች የምትሄደው ወጣት ደግሞ በአሠሪዋ ስም በተሰጠ ፈቃድ፣ ብዙ ጊዜም ቤት ውስጥ ተዘግታ፣ በሁለት ዓመት ውል ትሠራለች፤ ዜግነት የለ፣ ቤተሰብ ማምጣት የለ። ባህሏ ከሜሪላንዱ እህቷ ባህል ጋር አንድ ነው።

እነዚህ ሁለት እህቶች የሚልኩት ገንዘብ ላይም ይህን ልዩነት እንዘነጋዋለን፤ ወደ አገራችን የሚገባው ሐዋላ በሪፖርት ላይ አንድ ትልቅ ድምር ሆኖ ይቀርባል። የዳያስፖራ ቦንዱ፣ የውጭ ምንዛሪ ሒሳቡ፣ የቤት ብድሩ በአብዛኛው የተቀረጹት የሜሪላንዱን ሰው በማሰብ ነው፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ለአሥር ዓመት የሚያቅድ፣ ባንክ ቤት ገብቶ የሚፈርም ሰው። የሪያዷ ሠራተኛ ከምታገኘው ትልቁን ድርሻ ለቤተሰብ ትልካለች፤ ውሏ አልቆ ስትመለስ በስሟ የተቀመጠ ነገር የማታገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እርሷ የሚያስፈልጋት ከስልኳ ላይ ሆና ከምትልከው ጥቂቱን በራሷ ስም የምታስቀርበት ሒሳብና ዝቅተኛ የመላኪያ ክፍያ ነው። ባንኮቻችን እርሷን ደንበኛ አድርገው ማየት ከጀመሩ ሐዋላውን በሁለት መስመር ከፍለው ለማቅረብ ምክንያት ያገኛሉ።