የመጫኛ ስክሪፕት «ማን በሥራ ላይ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ



ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ነገ በንፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ በሚገኝ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ትቀጠሩ ይሆናል። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አድሱ ተብላችሁ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ እንበል። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ የመሬት ይዞታ ቃለ ጉባኤ እየተየቡ ነው፤ ባለጉዳዩ ገበሬም ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ደጅ ቆሟል። የመጫኛ ስክሪፕታችሁ በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባዋል?

ዊንዶውስ አንድ ፕሮሰስ የጫነውን የፕሮግራም ፋይል በላዩ ላይ መጻፍን አይፈቅድም። (ሊኑክስ በዚህ ረገድ ለዘብ ይላል፤ አሮጌው ፋይል ከማውጫው ቢወገድም የያዘው ፕሮሰስ እስኪዘጋ ድረስ በዲስኩ ላይ ይቆያል።) ስለሆነም መጫኛው አስቀድሞ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮሰሶች መዘርዘር ግድ ይለዋል።

ብዙዎች የሚሮጡት ወደ «ታስክሊስት» ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ግን የተፈለገውን ስም ቢያገኝም ባያገኝም የሚመልሰው የመውጫ ቁጥር 0 ነው፤ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ስክሪፕት ዘወትር «አለ» ማለቱ አይቀርም። በሠንጠረዥ መልክ ሲያሳይ ደግሞ ከ25 ሆሄያት የበለጠውን ስም ይቆርጣል፤ በኮማ የተለየ ውጤት መጠየቅ ይመረጣል። ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው፦ ባለ 32 ቢት መጫኛ የባለ 64 ቢት ፕሮሰስን ሞጁሎች መዘርዘር አይችልም። ስሙን ከሞጁሎቹ የሚወስድ የቆየ ስክሪፕት፣ ዓይናችን እያየ የተከፈተውን ፕሮግራም «የለም» ብሎ ያልፋል።

እንደ እኔ እምነት ግን ስሕተቱ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። አንዳንድ የኪቦርድ ፕሮግራሞች የቁልፍ ምቶችን ለመቀበል ዲኤልኤል ፋይላቸውን በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ ያስጭናሉ። የኪቦርዱ ፕሮሰስ ቢዘጋም ፋይሉን ዎርድ ይዞት ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት «እገሌ የሚባል ፕሮሰስ አለን?» ሳይሆን «ይህን ፋይል ማን ይዞታል?» የሚለው ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለው «ሪስታርት ማናጀር» ለዚሁ የተሠራ ነው፤ የፋይሉን ስም ሲቀበል የያዙትን ፕሮሰሶች መለያ ቁጥርና ስም ይመልሳል። ኢኖ ሴታፕም ከ5.5.0 እትሙ ወዲህ ይጠቀምበታል።

ዝርዝሩ ከተገኘ በኋላ «ታስክኪል»ን በግዴታ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ያልተቀመጠው ቃለ ጉባኤም አብሮ ይጠፋል። መጫኛው የፕሮግራሙን ስም በአማርኛ አሳይቶ «አስቀምጠው ይዝጉ» ይበል፣ ምላሹንም ይጠብቅ። ጸሐፊው አሁን አልዘጋም ካሉ፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያለው መጫኛ አዲሱ ፋይል ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ እንዲተካ ማስመዝገብ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ዳግም መነሣቱ ብዙ አያስጠብቅም።