ጌሙ ስለ ልጃችሁ ምን ያውቃል?

ዛሬ የምናነበው ቃል «የግል መረጃ» የሚለው ነው። ምን ማለት ነው? ስማችሁ፣ ዕድሜያችሁ፣ ስልክ ቁጥራችሁ፣ ያላችሁበት ቦታ፣ ድምፃችሁም ጭምር።

ልጃችሁ በስልክ ጌም ይጫወታል እንበል። ጌሙ በነጻ ነው ይባላል። ታዲያ ባለቤቱ ከምን ይበላል? አንዱ ገቢው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ለማን እንደሚታይ የሚወሰነውም ብዙ ጊዜ ከስልኩ በተለቀመ መረጃ ነው።

ፎርትናይት የሚባል ጌም አለ። የሠራው ኤፒክ ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ መረጃ ለመውሰድ መጀመሪያ ወላጅ መፍቀድ አለበት። ኩባንያው ሳያስፈቅድ ሰበሰበ ተብሎ በመንግሥት ተከሰሰ። መነጋገሪያውም ከመጀመሪያው ክፍት ስለነበረ ልጆች ከማያውቁት ሰው ጋር ያወሩ ነበር፤ ተሰድበዋል፣ ተዝቶባቸዋልም ተባለ። ወላጅ «የልጄን መረጃ ሰርዙልኝ» ሲል ደግሞ ያጉላሉታል የሚል ክስም ነበረበት። ይኼማ ያናድዳል! እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ኩባንያው ለዚህ ጉዳይ 275 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ።

በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል።

እስቲ ስልኩን አምጡት። ጌሙ ሲከፈት ረጅም ጽሑፍ ይመጣል፤ ከሥሩ «እስማማለሁ» ይላል። ጽሑፉ ለተማረም ሰው ይከብዳል፣ አትደንግጡ። ቀጥሎ «ማይክሮፎኑን ልጠቀም? ያላችሁበትን ቦታ ልወቅ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ቆም በሉ። ኳስ ለሚያጫውት ጌም ቤታችሁ የት እንደሆነ ምን ያደርግለታል? «አልፈቅድም» የሚለውን ንኩ። አብዛኛውን ጊዜ ጌሙ ያለዚያም ይሠራል።